የቀኙ ስፒከር

«ይሄኛው ደግሞ የማን ነው?» አለ አቱ፣ ምንም ጽሑፍ የሌለበትን ነጭ ዲስክ ከካርቶኑ አውጥቶ በሁለት ጣቱ እንዳንጠለጠለ።

ሱዩን ቀና ብላ አየችው፤ ወዲያው አጎንብሳ የተወሳሰበውን ገመድ መፍታቷን ቀጠለች። «እሱን ከላይ አድርገው አባባ። መዝጊያ ዘፈናችን ነው።»

«የዌንቢን አይደለም እንዴ?»

«የዌንቢን ነው። የሠራልኝን ሙዚቃ በራሱ ድግስ ላይ እዘፍንለትና እጄን አራግፌ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ምነው፣ ነውር አለው?»

አቱ ልጁን ያውቃታል። እንዲህ አገጯን ወደ ላይ ካደረገች የሚመልሳት የለም። ዲስኩን ከሌሎቹ በላይ አስቀመጠና የታመመ እግሩን እየጎተተ ወደ አምፕሊፋየሩ ሄደ።

እሑድ ረፋድ ነበር። የወደብ ከተማዋ ኪሉንግ እንደ ልማዷ እያካፋች ነው። ከርዕሰ መምህርት ጋው ቤት አንስቶ እስከ ፋርማሲው ድረስ መንገዱ ተዘግቶ ዝንጉርጉር ድንኳን ተተክሎበታል፤ ክብ ጠረጴዛዎቹ ቀይ ለብሰው ተደርድረዋል፤ የድግሱ አብሳይ አሹ ከድንኳኑ ግራ ጫፍ በርሜል በሚያካክሉ ድስቶች መሃል ቆሞ ሰውን ሁሉ ይሳደባል። የርዕሰ መምህርቷ አንድያ ልጅ ዌንቢን ነገ ጠዋት ለሥራ ወደ ሲንጋፖር ይበራል። ሁለት ዓመት ይቆያል። ድግሱ የእሱ መሸኛ ነው።

ዘፈኑን ያዘዘው አሹ ነው፤ እሱ ዘፈን የሌለበት ድግስ አያበስልም። ማንን እንደሚያመጣ ግን ለርዕሰ መምህርቷ አልነገራቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ዛሬ ጠዋት ሱዩን ኮምፒውተሯን በፕላስቲክ ጠቅልላ፣ በጋሪ እየገፋች ብቅ ስትል በመስኮት አይተው መጋረጃውን ዘጉት።

ይዝጉት! ሱዩንም ለእሳቸው ብላ አልመጣችም።

ነገሩ የተጀመረው አቱ «ወርቃማው ዓሳ» የሚባለውን የካራኦኬ ቤቱን የዘጋ ጊዜ ነው። ትልልቆቹ ባለ ብዙ ክፍል ቤቶች ደንበኛውን ወሰዱበት፤ እሱም እግሩ ከዳው። ከቤቱ የተረፈው በካርቶን የታጨቀ ዲስክ ብቻ ነበር፤ ማጫወቻዎቹ ተራ በተራ ሞተዋል። አባቷ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ዝም ሲል ሱዩን አልቻለችም። ከአክስቷ ልጅ የተረፈ ኮምፒውተር አመጣችና ዲስኩን ብትከትበት እንቢ አለ። ዘፈን የለ፣ ምስል የለ፤ የማኅደር ዝርዝር ብቻ ዘርግቶ ያፈጥጥባታል።

ድሮ ወርቃማው ዓሳ እየመጣ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ፣ አንድ ቀን እንኳ ማይክ ነክቶ የማያውቅ መሐንዲስ ነበር። እሱን ጠራችው።

ዌንቢን መጣ። ማኅደሮቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ዘፈኑ የተቀመጠበትን አገኘ። ምስሉን አመጣ፤ ድምፅ የለም። ድምፁን አመጣ፤ ይኸኔ ሌላ ጣጣ ተከተለ። የካራኦኬ ዲስክ ድምፁ ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚቀረጸው፦ በግራ በኩል ሙዚቃው ብቻ፣ በቀኝ በኩል ለማያውቅ ሰው ዜማውን የሚመራ ዘፋኝ። የካራኦኬ ቤት ማጫወቻ መሪውን ዝም የሚያሰኝ ቁልፍ አለው። ኮምፒውተሩ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ለቀቃቸው፤ አንዲት ሴትዮ ሳሎኑ መሃል ጩኸቷን አቀለጠችው።

«ይህቺን ሴትዮ ከቤቴ አስወጣልኝ!» አለች ሱዩን።

«ምን አደረገችሽ? ጥሩ ትዘፍናለች እኮ።»

«አቱ ቤት በመሪ አይዘፈንም። አባቴ ይህን ቢሰማ ይታመማል። አስወጣት ብዬሃለሁ!»

ዌንቢን ላቡ በግንባሩ እየወረደ ታገለ። በመጨረሻ ድምፁን ግራና ቀኝ የምታመዛዝነዋን ትንሽ ቁልፍ ስክሪኑ ላይ አገኛትና እስከ ግራው ጫፍ ጎተታት። ሴትዮዋ ድምጥማጧ ጠፋ፤ ሙዚቃው ብቻውን ቀረ።

«አስወጣኋት» አለ።

ሱዩን ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ ሁለቱም መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ አንድ የሚበላሽ ነገር አይጠፋም ነበር፤ ዛሬ ማይኩ ይዘገያል፣ በሚቀጥለው ምስሉ ይንቀጠቀጣል። አቱ አንድ ቀን ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ «ይሄ ልጅ ኮምፒውተር ነው የሚጠግነው ሰበብ?» ሲል ዌንቢን ጆሮው ድረስ ቀላ።

ርዕሰ መምህርት ጋው ይህን ሲሰሙ ራሳቸው ደጃፉ ድረስ መጡ። ሱዩን በልጅነቷ የተማረችው እሳቸው ትምህርት ቤት ነው፤ ያቋረጠችውም አባቷን ለማገዝ እዚያው ነው። «ልጄን ያስተማርኩት ለዘፈን ቤት አሽከርነት አይደለም» አሏት፤ ቁጭ በሉ ስትላቸውም አልተቀመጡም።

ከዚያ ሰሞን ነው ዌንቢን ነጩን ዲስክ ያመጣላት። በር ላይ ቆሞ ሰጣት። «እኔ ነኝ የሠራሁት። ውስጡ ያለውን በደንብ አዳምጪውና መልስሽን ላኪልኝ።» ሌላም ሊል አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም። ዞሮ ሄደ።

ሱዩን በሩን ዘግታ፣ ፀጉሯን አበጥራ (ለዲስክ ፀጉር የሚያበጥር ሰው ማን አይቷል?) ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። የወደቡ ምስል መጣ። አባቷ የሚወደው፣ የባሕር መብራት ማማ ጠባቂው የድሮ ዘፈን ነው፤ ሙዚቃውን ዌንቢን ራሱ ተጫውቶታል። የመጀመሪያው ስንኝ አለፈ። በእነዚህ የድሮ ዘፈኖች መሃል ዘፋኙ ዜማውን ትቶ እንደ ማንኛውም ሰው የሚናገርበት ቦታ አለ፤ አንዱ እናቱን ይጣራል፣ አንዱ ፍቅረኛውን ይለምናል፤ የሚለውም ስክሪኑ ላይ ተጽፎ ይታያል። እዚህ ግን ምንም አልተጻፈም። ሙዚቃው ረዘመ፣ ረዘመ፣ ወደቡ ላይ ዝናብ ወረደ፤ ከዚያ ሁለተኛው ስንኝ ገባ። አለቀ። ሰላምታ እንኳ የለውም።

ደግማ ከፈተችው። ያው ነው።

«ገባኝ» አለች ለራሷ። «ሙዚቃውን ሰጥቶኝ ሄደ። ብቻሽን ዝፈኚ ማለቱ ነው።» የዚያን ቀን አለቀሰች። ፊቷን ታጥባም አንዲት ካርድ ላይ ጻፈችለት፦ «አዳመጥኩት። ሙዚቃው ጥሩ ነው። አመሰግናለሁ።» እንደኮራሁ ይወቅልኝ ብላ ነው። ዌንቢን ከዚያ ወዲህ ድርሽ አላለም። እሷም አልጠራችውም፤ ሁለት ወር ሆናቸው።

«የአቱ ልጅ!» አሹ ከድስቶቹ መሃል ጮኸ። «ሙዚቃውን እንስማው እንጂ! እኔ ዶሮ የማወጣው በዘፈን ነው!»

ሱዩን ከላይ ያገኘችውን፣ ያንኑ ነጭ ዲስክ፣ አስገባችና ከፈተችው። በግራ፣ ከአሹ ምድጃ አጠገብ የቆመው ስፒከር ድንኳኑን አንቀጠቀጠው። በቀኝ፣ ከባለቤቶቹ ጠረጴዛ አጠገብ ያለው ግን ትንፍሽ አላለም።

«ቀኙ ሞቷል!» አለ አቱ። ሁለት ስፒከር የተከራዩት ለዛሬ ነው፤ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ስለነበራቸው ይህ ገጥሟቸው አያውቅም።

«ገመዱን ነካ ነካ አድርገው።»

«ገመዱማ ደህና ነው። ቆይ፣ ያ ልጅ አንዲት ቁልፍ ሲጎትት አይቼዋለሁ።» አቱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ፈልጎ፣ አፍንጫው ላይ አውርዶ፣ ማውሱን እንደ ትኩስ ድንች ያዘና ቁልፏን ወደ መሃል ሳባት።

ቀኙ ስፒከር ነፍስ ዘራ። ሰው ነበር። የወንድ ድምፅ፣ ትንሽ ከዜማው ዝቅ ያለ፣ እየፈራ የሚዘፍን።

አሹ ማንኪያውን እንደያዘ ሳቀ። «ይሄን ፍየል ከየት አመጣችሁት?»

ሱዩን ክው ብላ ቀረች። ያንን ድምፅ በሺህ ሰው መሃል ብትሰማው አትስተውም። በጠረጴዛዎቹ መሃል ወደ ቀኙ ስፒከር ሄደች፤ አጠገቡ ስትደርስ የመጀመሪያው ስንኝ አለቀ፤ ያ ረጅሙ፣ ባዶው ቦታ መጣ። ባዶ አልነበረም።

«ሱዩን» አለ ስፒከሩ። «ፊት ለፊት ልነግርሽ ስሞክር ምላሴ ይተሳሰራል። አንቺም ትስቂብኛለሽ። ስለዚህ ዘፋኞቹ የሚናገሩበት ቦታ ገባሁበት። ሲንጋፖር ሥራ አግኝቻለሁ፤ ሁለት ዓመት ነው። ቅር ካልሽኝ እቀራለሁ። እጠብቅሃለሁ ካልሽኝ ሄጄ እመለሳለሁ። የእናቴን ነገር ለእኔ ተዪው። ላገባሽ እፈልጋለሁ። ይኸው፣ አልኩት። ካልፈለግሽኝ ደግሞ እንቢ ለማለት አትጨነቂ፤ ‹ሙዚቃው ጥሩ ነው› ብቻ በይኝ። ይገባኛል። ዳግመኛ አላስቸግርሽም።»

ሁለተኛው ስንኝ ገባ። ሱዩን በአቅራቢያዋ ያለውን ወንበር ያዘች።

«አባባ፣ እኔ ምን ብዬ ነው የጻፍኩለት?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ?»

«ሙዚቃው ጥሩ ነው ብዬ! ሙዚቃው ጥሩ ነው ብዬዋለሁ እኮ!» ለኩራት የመረጠቻት ቃል ልቡን ቆርጣ የጣለች መሆኗን አሁን ገና አወቀች። ሰው በአንድ ጆሮው ብቻ ሰምቶ እንዴት መልስ ይሰጣል?

«ዝጊው።»

ርዕሰ መምህርት ጋው ከበራቸው ወጥተው ቆመዋል። የድግስ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ አንዱ ጉትቻ ጆሯቸው ላይ፣ አንዱ እጃቸው ላይ ነው። መስማታቸውን ፊታቸው ይናገራል። «ሱዩን፣ ዝጊው አልኩሽ። እንግዳ ሊመጣ ነው።»

ሱዩን ቀጥ ብላ ቆመች። «ርዕሰ መምህርት፣ ይህን ድምፅ ሁለት ወር ዘግቼው ከርሜያለሁ። ሳላውቅ ነው። እያወቅኩ ግን አልዘጋውም።»

ሴትየዋ ጉትቻቸውን ጨበጡት። «በግድግዳው በኩል ሰምቼው ነበር» አሉ። «ክፍሉን ዘግቶ፣ ይህችኑ ንግግር እየደጋገመ ሲቀዳ። ካርድሽ ሲመጣ ፊቱን አየሁት። ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም። ተገላገልኩ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ግን አብሮኝ ማዕድ የሚቀርበው ገላው ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ይሉኛል?»

«ድግሴን እንዳታበላሺብኝ።»

«እኔ የዘፈንኩበት ድግስ ተበላሽቶ አያውቅም» አለች ሱዩን። እጅ ነሳቻቸውና ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች። አሁን የፈራችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዌንቢን መልሷን ሳይሰማ ነገ አውሮፕላን ላይ እንዳይወጣ።

እንግዳው ድንኳኑን ሞላው። ዌንቢን ከባቡር ጣቢያ አጎቶቹን ይዞ መጣ፤ ሱዩንን ሲያይ እግሩ ለአፍታ ተያዘ፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠ። ከስቷል። ሸርጣን በሩዝ መጣ፣ የዓሳ ሾርባ መጣ፣ ሱዩን የአጎቶቹንም የጎረቤቶቹንም ምርጫ አንድ በአንድ ዘፈነችላቸው፤ አንድ ሽማግሌ ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ እስኪዘፍን ድረስ ድንኳኑ ደመቀ። ዌንቢን ግን ከሾርባው ላይ ዓይኑን አላነሳም። እሷ ባየችው ቁጥር እሱ ይሸሻል፤ እሱ ሰረቅ ሲያደርግ ደግሞ እሷ ታየዋለች።

ፍራፍሬው ሲቀርብ ሱዩን ነጩን ዲስክ አነሳች።

«አባባ፣ መሪውን ክፈተው።»

አቱ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከልጁ ሰምቶ አያውቅም። «በሰው ፊት? እኛ?»

«ክፈተው። የንግግሩ ቦታ ላይ ሲደርስ እጄን አነሳለሁ፤ ያኔ ወደ ግራ ሳበው። ያ የእሱና የእኔ ነው። ስናበቃ መልሰህ ትከፍተዋለህ።»

ሙዚቃው ተነሳ። ሱዩን ዘፈነች፤ ከቀኙ ስፒከር ደግሞ ያ የፈራ ድምፅ ተከተላት። ጠረጴዛዎቹ መሃል ሳቅ ፈነዳ። «ዌንቢን ነው እኮ! ኧረ ዌንቢን ነው!» አጎቶቹ ጀርባውን መቱት። ዌንቢን ግን ደሙ ከፊቱ ሸሸ። ምን እንደሚከተል ያውቃል። ስንኙ ወደ ማለቁ ሲሄድ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ዓይኖቹ መጀመሪያ ስፒከሩ ላይ፣ ቀጥሎ ሱዩን ላይ ተተከሉ፤ ተይ፣ በሰው ፊት አታድርጊው እያሉ ለመኗት።

ሱዩን እጇን አነሳች። አቱ ቁልፏን ሳበ። ቀኙ ስፒከር ጸጥ አለ።

«ዌንቢን» አለች ማይኩን አስጠግታ። «ይህን ቦታ ስታሰፋው ለሁለት ሰው እንዲበቃ አድርገህ ነው። ካርዱን ቅደደው። የጻፍኩት ሳልሰማህ ነው። ያቺን ሴትዮ አስወጣልኝ ስልህ አንተው ነህ ቁልፏን የጎተትከው፤ ራስህንም አብረህ ማስወጣትህን ረሳህ። እኔም አንድ ቀን እንኳ ልክፈተው አላልኩም፤ ኩራቴ ነው። ዛሬ ሰማሁህ። እስከ መጨረሻዋ ቃል።»

ድንኳኑ ውስጥ የሚያኝክ ሰው አልነበረም። አሹ እንኳ ድስቱን መክደን ረሳ።

«ለእኔ ብለህ አትቅር። ሂድ፣ ሥራህን ሥራ፤ በእኔ የተነሳ የቀረ ነገር እንዲኖርህ አልፈልግም። ስትመለስ ግን የእጮኝነት ኬክ አስይዘህ፣ እናትህን አስቀድመህ፣ በፊት ለፊቱ በር ግባ። ሰበብ ይዘህ እንዳትመጣ፤ ኮምፒውተሩ ደህና ነው። እጠብቅሃለሁ። እወድሃለሁም። ቶሎ በል፣ ሙዚቃው ሊያልቅብን ነው።»

ዌንቢን ብድግ ሲል ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። ቆመና እናቱን አየ። ርዕሰ መምህርት ጋው ፊታቸውን ወደ ሐብሐቡ እንዳዞሩ ሹካውን ከእጁ ወሰዱለት።

«ምን ገትሮ ያቆምሃል? ልጅቷ ሁለተኛውን ስንኝ ብቻዋን ልትጀምረው ነው? ሂድ እንጂ!»

ዌንቢን በጠረጴዛዎቹ መሃል ተደናብሮ፣ የአንዱን አጎት ብርጭቆ ደፍቶ፣ ከፊቷ ደረሰ። ዓይኖቹ ሞልተው ነበር። በዚያን ጊዜ አቱ ቁልፏን ወደ መሃል መልሶ ነበርና ሁለተኛው ስንኝ በሁለቱም ስፒከር ገባ።

«ሱዩን፣ እኔ እኮ መዝፈን አልችልም» አላት በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ» አለችው፤ ማይኩን በመካከላቸው አድርጋ፣ እንባዋን ሳትጠርግ እየሳቀች። «ሰምቼሃለሁ።»